«ወረድሁ»፤ ስለ አንድ የተዘነጋ የአየርላንድ ፊልም

(በተማሪዎች ማኅበር የፊልም ምሽት፣ ፊልሙ ከመታየቱ በፊት የተሰጠ ንግግር)




የዛሬውን ፊልም ስም በማስታወቂያው ሰሌዳ ላይ ካወጣንበት ቀን ጀምሮ ሁለት ዐይነት ተቃውሞ ደርሶናል። አንደኛው፣ «ስሙን እንኳ ሰምተነው የማናውቀውን ፊልም ለምን መረጣችሁ?» የሚል ነው። ሁለተኛው ጠንከር ያለ ነው፤ ይኸውም «ስንት ቁም ነገር ያለበት ፊልም ሞልቶ ሳለ፣ የሌቦችና የወሮበሎች ቀልድ ለዩኒቨርሲቲ ተማሪ ምን ይረባዋል?» የሚል ነው። ለሁለቱም መልስ መስጠት ተገቢ መስሎ ስለ ታየን፣ መብራቱ ከመጥፋቱ በፊት ጥቂት ደቂቃ እንድትታገሡን እንለምናለን። በዚህ ንግግር የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮጳውያን አቈጣጠር መሆናቸውንም አስቀድመን እናስታውቃለን።

ፊልሙ በእንግሊዝኛ «አይ ዌንት ዳውን» ይባላል፤ ትርጕሙም «ወረድሁ» ማለት ነው። የተሠራው በአየርላንድ ሲሆን ለሕዝብ የታየው በ1997 ዓ. ም. ነው። አዘጋጁ ፓዲ ብራህናክ፣ ደራሲው ኮኖር ማክፈርሰን ናቸው። ሁለቱን ዋነኞች ሰዎች ሆነው የሚጫወቱት ፒተር ማክዶናልድና ብሬንዳን ግሊሰን ናቸው። በዚያው ዓመት በስፔን አገር በሳን ሴባስቲያን ከተማ በተደረገው የፊልም በዓል ላይ ተሸልሟል፤ በገዛ አገሩም ብዙ ተመልካች አግኝቷል። ከአየርላንድ ውጭ ግን ብዙ ሰው ሳያየው አለፈ። ዛሬ ስለ አየርላንድ ፊልም ሲወራ ስሙ የሚነሣው ከስንት አንድ ጊዜ ነው።

ታሪኩን ባጭሩ እንንገራችሁ። መጨረሻውን ግን አንነካም፤ መጨረሻውን አስቀድሞ መንገር የሌላውን ጕርሻ ከአፉ መንጠቅ ነውና።

ጊት ሃይንስ የሚባል ወጣት ከወህኒ ቤት ይወጣል። እርሱ ታስሮ ሳለ፣ ሳብሪና የምትባለው ወዳጁ ትታው አንቶ ከተባለው የቅርብ ጓደኛው ጋር ሆናለች። ይኸው አንቶ ከወሮበሎች ጋር በገንዘብ ጉዳይ ተጣልቶ ኖሮ፣ የወሮበሎቹ ሎሌዎች ሊያሠቃዩት ሲሉ ጊት ይደርሳል። ወዳጁን የቀማውን ሰው «የዘራኸውን እጨድ» ብሎ ማለፍ ይችል ነበር። እርሱ ግን መሐል ገብቶ ያድነዋል፤ በግብግቡም ከሎሌዎቹ አንዱን ክፉኛ ይጎዳዋል። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የአንቶ ዕዳ የጊት ዕዳ ሆነ ማለት ነው። ቶም ፍሬንች የተባለው የወሮበሎቹ አለቃ ጊትን ያስጠራና የጉዳቱን ካሣ በሥራ እንዲከፍል ያዘዋል። ሥራውም ወደ ደቡብ፣ ወደ ኮርክ ወርዶ ፍራንክ ግሮጋን የሚባለውን ሰው ይዞ መምጣት ነው። ብቻውን እንዳይሄድም ባኒ ኬሊ የሚባል በዕድሜ የሚበልጠው ሰው ይጨመርለታል።

ይህ ባኒ ሲያዩት ኮስታራ፣ ሁሉን ዐዋቂ፣ በወንጀል ሙያ የተካነ ይመስላል። ነገር ግን እርሱም ወዶ የገባ አይደለም፤ አለቃው አንድ ምስጢሩን ስለ ያዘበት ነው። እንግዲህ ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች፣ ሁለቱም በሌላ ሰው መዳፍ ውስጥ ሆነው፣ በተሰረቀ መኪና መንገድ ይጀምራሉ። ከደብሊን እስከ ኮርክ 250 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ለእነዚህ ሁለት ሰዎች ግን መንገዱ እጅግ ይረዝማል፤ የሚሄዱት ወደ ማያውቁት ሰው ብቻ ሳይሆን እርስ በርሳቸው ወደ መተዋወቅም ነውና።

አሁን ሣቁ ከየት እንደሚመጣ እንመልከት። በተለመደው የወሮበላ ፊልም ውስጥ መኪና ቤንዚን አይጨርስም፤ ሰው አይራብም፤ እንቅልፍም አይመጣበትም። ሽጉጥ የያዘ ሰው ሁሉ የሚሠራውን ያውቃል። በዚህ ፊልም ግን መኪናው ቤንዚን ይፈልጋል። መኪናው የተሰረቀ ስለ ሆነ ደግሞ የቤንዚኑን ክዳን የሚከፍት ቍልፍ የለም! ፊቱን አክብዶ ለትልቅ ጉዳይ የወጣው ባኒ ከአንዲት ክዳን ጋር ሲታገል ታያላችሁ። ቀልዱ ያለው በዚህ ላይ ነው። ማንም እንድንሥቅ ብሎ ልጣጭ ረግጦ አይወድቅም፤ ማንም ፊቱን አያጣምምም። ወንጀለኛው እንደ ማናችንም በጥቃቅን ነገር የሚሸነፍ ሰው መሆኑን ስናይ ሣቁ በራሱ ጊዜ ይመጣል።

ሁለተኛው የሣቅ ምንጭ ንግግር ነው። ባኒ ይናገራል፣ ይመክራል፣ ያስተምራል። ብዙ የሚናገረው ብዙ ስለሚያውቅ ሳይሆን ፍርሃቱን በቃል ለመሸፈን መሆኑን ቀስ በቀስ እንረዳለን። ጊት ደግሞ ዝም ይላል። የባኒን ቃል ያህል የጊት ዝምታ ያሥቃል፤ ምክንያቱም ዝምታው «ይህ ሰው ይህን ሁሉ ከየት አመጣው?» የሚል ጥያቄ ስለ ሆነ ነው። ከዚያ በኋላ ፍራንክ ግሮጋን ሲገኝ መኪናው ውስጥ ሦስተኛ አፍ ይጨመራል፤ ያውም የማይዘጋ አፍ። በአገራችን «አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል» ይባላል። የፍራንክ አፍ ተከፍቶ ሲውል ግን የሚታየው ጭንቅላቱ ብቻ አይደለም፤ ጭንቀቱም ጭምር ነው። መሣሪያ የለውም፤ ያለው ምላስ ብቻ ነው፤ እያወራ እስከ ቈየ ድረስ ሞት የማይደርስበት ይመስለዋል። ፍራንክን ሆኖ የተጫወተው ፒተር ካፍሪ ነው። አለቃውን ቶም ፍሬንችን የተጫወተው ቶኒ ዶይል ደግሞ ድምፁን ከፍ ሳያደርግ ማስፈራራት የሚችል ተዋናይ ነበረ።

ስለ ብሬንዳን ግሊሰን አንድ ቃል ሳንጨምር ማለፍ አይገባንም። ይህ ሰው በ1955 ዓ. ም. በደብሊን ተወልዶ፣ ሙሉ ጊዜውን ለትወና ከመስጠቱ በፊት ለብዙ ዓመታት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ነበረ። መምህራኖቻችን ይህን ሲሰሙ ደስ እንደሚላቸው እናምናለን። ባኒ ጊትን ሲገሥጸው የምታዩት ፊት፣ ከኋላ ወንበር የሚንሾካሾከውን ተማሪ በአንድ እይታ ጸጥ ማሰኘት የለመደ ፊት ነው!

ይህ ፊልም የተሠራበት ጊዜም ሊታሰብ ይገባዋል። አየርላንድ ለረዥም ጊዜ በፊልም የታየችው ይበልጡን በእንግዳ ዐይን ነበረ። ለምሳሌ ጆን ፎርድ የተባለው ስመ ጥር አሜሪካዊ አዘጋጅ በ1952 ዓ. ም. ባወጣው «ዘ ኳየት ማን» በተባለው ፊልም አየርላንድ ለምለም መስክ፣ የድንጋይ አጥርና ጠብ ወዳድ ግን ደግ ባላገር ነች። ሥዕሉ ያማረ ነው፤ የተሣለው ግን ከሩቅ ሆኖ አገሩን ለሚናፍቅ ሰው ነው። አየርላንዳውያን በራሳቸው ገንዘብ ራሳቸውን ለማሳየት መንግሥታቸው በ1980 ዓ. ም. በወጣ ሕግ የፊልም ቦርድ እንዲቋቋም አድርጎ ነበር። ነገር ግን ቦርዱ በ1987 ዓ. ም. ገንዘብ ተከልክሎ ሥራውን አቆመ። በ1993 ዓ. ም. እንደ ገና የተቋቋመው ማይክል ዲ. ሂጊንስ የባህል ጉዳይ ሚኒስትር በነበሩበት ጊዜ ነው፤ እኒህም ሰው በኋላ ከ2011 እስከ 2025 ዓ. ም. የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ሆነው አገልግለዋል። ከዚያ ወዲህ የአገሩ ወጣቶች የአገራቸውን ታሪክ በብዛት መቅረጽ ጀመሩ። የዛሬው ፊልማችን የዚያ ጊዜ ፍሬ ነው።

ስለዚህም በፊልሙ ውስጥ ለቱሪስት ማስታወቂያ የሚሆን አየርላንድ አታዩም። የምታዩት የቤንዚን ማደያ፣ የመንገድ ዳር ሆቴል፣ መጠጥ ቤት፣ ዝናም ያዘለ ሰማይና ጭው ያለ ረግረግ መሬት ነው። ስለዚህ ረግረግ ጥቂት ማወቅ ይጠቅማል። የአየርላንድ መካከለኛ ክፍል በሰፊው የተሸፈነው በሺሕ በሚቈጠሩ ዓመታት የበሰበሰ ሣርና ቅጠል ተጠራቅሞ በፈጠረው ጥቍር አፈር ነው። ሕዝቡ ይህን አፈር እንደ ጡብ እየቈረጠና እያደረቀ ለማገዶ ሲጠቀምበት ኖሯል። አፈሩ አየር ስለማያስገባ የተቀበረበትን ነገር ቶሎ አያበሰብስም። በ2003 ዓ. ም. ከሁለት ሺሕ ዓመት በላይ የሆናቸው የሁለት ሰዎች አስከሬኖች ቈዳቸው እንኳ ሳይጠፋ ከዚህ ዐይነቱ መሬት ተገኝተዋል። ረግረጉ የሰጡትን ሁሉ ያስቀምጣል ማለት ነው። በፊልሙም ውስጥ የቀድሞ በደል ተቀብሮ ይቀራል ብለው የሚያስቡ ሰዎች አሉ። ከዚህ በላይ አንናገርም።

ወደ ሁለተኛው ተቃውሞ እንመለስ። «በወንጀል መሣቅ ተገቢ ነውን?» ይህ ጥያቄ በአየርላንድ እንደ ዋዛ የሚታይ አይደለም። ቬሮኒካ ጌሪን የተባለች ጋዜጠኛ የደብሊንን የአደንዛዥ ዕፅ ነጋዴዎች ሥራ እየመረመረች በመጻፏ፣ በሰኔ ወር 1996 ዓ. ም. ከደብሊን ወጣ ብሎ ባለ መንገድ ላይ መኪናዋ በትራፊክ መብራት ቆሞ ሳለ በጥይት ተገደለች። አገሩ ሁሉ ተቈጣ። በዚያው ዓመት በወንጀል የተገኘን ሀብት የሚወርስ ልዩ መሥሪያ ቤት በሕግ ተቋቋመ። የዛሬው ፊልም ለሕዝብ የታየው ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ ቍስሉ ገና ሳይሽር ነው። ታዲያ በእንዲህ ያለ ጊዜ የወሮበሎችን ቀልድ መሥራት ድፍረት አይደለምን?

የእኛ አስተያየት እንደሚከተለው ነው። ወንጀልን የሚያስጌጥ ሣቅ አለ፤ ወንጀልን የሚያራቍት ሣቅም አለ። የመጀመሪያው ወሮበላውን ፈጣን፣ ቈንጆ፣ የማይሸነፍ አድርጎ ያሳየንና «ምነው እንደ እርሱ በሆንሁ» ያሰኘናል። እንዲህ ያለው ፊልም አንድ ጠብታ ቀልድ ሳይኖርበት እንኳ አደገኛ ነው። ሁለተኛው ግን የወንጀልን ኑሮ እንዳለ፣ ማለትም ብርዱን፣ ፍርሃቱን፣ አሰልቺነቱን፣ ከሁሉም በላይ የሰው መሣሪያ ሆኖ የመኖርን ውርደት ያሳያል። ከዚህ ፊልም ወጥቶ «ቶም ፍሬንችን መሆን እፈልጋለሁ» የሚል ሰው አይገኝም። ባኒንም መሆን የሚፈልግ የለም፤ ነገር ግን ሁላችንም ባኒን እንወደዋለን። ሰውን ከነጕድለቱ መውደድና ሥራውን መጥላት በአንድ ጊዜ እንደሚቻል ቀልድ ከስብከት ይልቅ አጥብቆ ያስረዳል ብለን እናምናለን።

አሁን ወደ ርእሱ እንምጣ፤ የፍልስፍና ተማሪዎች ጆሮአችሁን አዘንብሉልን። «ወረድሁ» የሚለው ቃል የተወሰደው ከፕላቶን «ሪፑብሊክ» መክፈቻ ነው። ሶቅራጥስ ከግላውኮን ጋር ከአቴና ወደ ፒሬዎስ ወደብ መውረዱን ሲተርክ መጽሐፉ ይጀመራል። ደራሲው ማክፈርሰን በደብሊን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ፍልስፍና ስለ ተማረ ይህን የመረጠው በአጋጣሚ አይደለም። ሁለት ሰዎች አብረው ይወርዳሉ፤ እየሄዱም ይነጋገራሉ። ይህ ለርእስ በቂ ነው። እኛ ግን መጽሐፉንና ፊልሙን ጎን ለጎን ስናስቀምጣቸው ከዚህ የበለጠ ዝምድና አገኘንባቸው። ደራሲው ይህን አስቦታል ለማለት ሳይሆን፣ የተመልካችነት መብታችንን ተጠቅመን እንዲህ እናነበዋለን።

በመጽሐፉ መጀመሪያ ሶቅራጥስ ወደ ከተማው ሊመለስ ሲል፣ ፖሌማርኮስና ጓደኞቹ ከመንገድ ያስቆሙትና በቍጥር ስለሚበልጡት እንዲቀር በቀልድ መልክ ያስገድዱታል። ከዚያ ቀጥሎ «ፍትሕ ምንድር ነው?» የሚለው ክርክር ይነሣል። ሽማግሌው ኬፋሎስ ስለ እውነት መናገርና ዕዳን ስለ መክፈል ያወራል። ሶቅራጥስ ግን ጓደኛህ በጤናው ሳለ መሣሪያ ቢያስቀምጥህና ካበደ በኋላ ቢጠይቅህ ትመልስለታለህን ብሎ ያፋጥጠዋል። ልጁ ፖሌማርኮስ ደግሞ ፍትሕ ወዳጅን መርዳት፣ ጠላትንም መጕዳት ነው ይላል። በመጨረሻ ትራሲማኮስ እየጮኸ ገብቶ ፍትሕ የብርቱው ጥቅም እንጂ ሌላ አይደለም ይላል።

እስቲ ይህን ይዛችሁ ፊልሙን ተመልከቱ። ቶም ፍሬንች ትራሲማኮስን ሳያነብ የትራሲማኮስ ደቀ መዝሙር ነው፤ ብርቱው ያዘዘው ሁሉ ለእርሱ ሕግ ነው። ጊት ዕዳውን መክፈል ይፈልጋል፤ በእኛም ዘንድ «ብድር በምድር» ይባላልና ዕዳ መክፈል የጨዋ ምልክት ነው። ነገር ግን ዕዳው የሚከፈለው አንድን ሰው ለገዳይ አሳልፎ በመስጠት የሆነ እንደ ሆነስ? በዚያን ጊዜ ዕዳ ከፋይነት ያ ላበደ ሰው መሣሪያን የመመለስ ዐይነት አይሆንምን? ጊት ገና ከመጀመሪያው፣ ወዳጁን የቀማውን አንቶን ባዳነ ጊዜ፣ የፖሌማርኮስን ትርጕም አፍርሶታል፤ ጠላቱን መጕዳት ሲችል ረድቶታልና። ይህን ያደረገው ፈላስፋ ስለ ሆነ አይደለም፤ ሰው ሲሠቃይ ማየት ስላልቻለ ነው። ፊልሙ በሙሉ የሚጠይቀው፣ ይህ ሰውነቱ እስከ መጨረሻው ይጸናል ወይስ አይጸናም የሚለውን ነው። ሣቁም የሚጣፍጠው ከበስተኋላው ይህ ጥያቄ ስላለ ነው።

ታዲያ እንዲህ ያለ ፊልም ለምን ተዘነጋ? የመሰለንን እንናገር። በ1994 ዓ. ም. «ፐልፕ ፊክሽን» የተባለው የአሜሪካ ፊልም ከወጣ በኋላ ወሬኛ ወሮበሎች የሚታዩባቸው ፊልሞች በዙ፤ ይህንንም ከእነርሱ እንደ አንዱ ቈጥሮ ያለፈው ሰው አይጠፋም። በዚያው በ1997 ዓ. ም. ደግሞ «ዘ ፉል ሞንቲ» የተባለው የእንግሊዝ ቀልድ ዓለምን አዳርሶ ነበር። ከዚህም ሌላ የተሳታፊዎቹ የኋላ ዝና የቀድሞውን ሥራ ጋረደው። ግሊሰን በ1998 ዓ. ም. በ«ዘ ጄኔራል»፣ በ2008 ዓ. ም. በ«ኢን ብሩዥ»፣ በ2011 ዓ. ም. በ«ዘ ጋርድ»፣ በ2022 ዓ. ም. በ«ዘ ባንሺስ ኦፍ ኢኒሺሪን» ተጫውቶ ስሙ ገነነ። በተለይ «ኢን ብሩዥ»ን የወደዳችሁ፣ አንድ ጎልማሳና አንድ ወጣት ወንጀለኛ በአለቃ ትእዛዝ ወደማያውቁት አገር ተልከው ሲነታረኩ ያያችሁ፣ የዚያን ታላቅ ወንድም ዛሬ ማታ ታገኙታላችሁ። የማክፈርሰንም ስም ከፊልሙ ይልቅ በዚያው በ1997 ዓ. ም. በለንደን በታየው «ዘ ዊር» በተባለው ተውኔቱ ይበልጥ ታወቀ።

ከማብቃታችን በፊት፣ ይህን ፊልም እንድንመርጥ ያደረገንን ዋናውን ምክንያት እንግለጽ። ኮኖር ማክፈርሰን የመጀመሪያዎቹን ተውኔቶች የጻፈው ተማሪ ሳለ፣ በኮሌጁ የድራማ ማኅበር ውስጥ ነው። ይህ ፊልም ሲታይ ዕድሜው 26 ዓመት ነበረ። ከፕላቶን ትምህርቱ ጋር የሠፈሩን ሰዎች አነጋገር ይዞ ወጣ፤ አንዱን ለሌላው ሲል አልጣለም። እኛስ? ለዚህች መጽሔታችን የሚደርሰን ጽሑፍ አብዛኛው ግንባሩን የቋጠረ ነው። ስለ ሥልጣኔ፣ ስለ ትምህርት፣ ስለ ወጣቱ ኀላፊነት እንጽፋለን፤ መልካም ነው፤ ይቀጥል። ነገር ግን ምሳ ቤት ተሰልፈን፣ ማታም በመኝታ ቤት ተሰብስበን ሆዳችንን እስኪያመን የሚያሥቀን ወሬ ወደ ወረቀት ሲደርስ ይጠፋል። ብዕር ስናነሣ የምናፍርበት ያ አነጋገር የሕዝባችን ጥበብ አይደለምን? ቀልድ የሚጽፍ ተማሪ ሰነፍ መስሎ እንዳይታይ የሚፈራበት ዩኒቨርሲቲ፣ ከዕውቀቱ ግማሹን በር ላይ ትቶ የገባ ዩኒቨርሲቲ ነው።

ስለዚህ ሁለት ነገር እንለምናችኋለን። መጀመሪያ፣ የደብሊን ሰዎች እንግሊዝኛ ለጆሮአችን እንግዳ ስለ ሆነ የፊልሙን የመጀመሪያ አሥር ደቂቃ ታገሡ፤ ጆሮ እንደ እግር ነው፤ መንገዱን ከለመደ በኋላ አይደናቀፍም። ሁለተኛ፣ ከፊልሙ በኋላ ተቃውሞአችሁን ይዛችሁ ቈዩና ተከራከሩን፤ አንድ ሰዓት ለውይይት ተፈቅዶልናል። «ፍትሕ ዕዳ መክፈል ነውን?» ብለን ከሁለት ሺሕ ዓመት በፊት የተጀመረውን ክርክር በሣቅ ደክመን ብንቀጥለው ሶቅራጥስ የሚቀየመን አይመስለንም።

መብራቱን አጥፉልን።